ጀነሬተር ላይ የተጻፈው ኬቪኤ ለምን ያታልላል?

ባህር ዳር ጣና ዳር የብረት ጀልባ ለሚጠግኑ ልጆች ጀነሬተር ላማርጥ ሄጄ ነው ይሄ ነገር በደንብ የገባኝ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ 3.5 ኬቪኤ ይላል፣ ሻጩም ሁሉንም ያነሳል ይልሃል፣ ግን ኬቪኤና ኪሎዋት አንድ አይደሉም፤ ኬቪኤ የጀነሬተሩ ጠቅላላ አቅም ነው፣ ኪሎዋት ደግሞ ዕቃህን በትክክል የሚያሰራው ጉልበት። ብዙ ጊዜ በ0.8 ታባዛዋለህ፣ ስለዚህ 2.8 ኪሎዋት ነው ያለህ፣ እሱም ማክስ የሚለው ከሆነ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚችለው። ሬትድ የምትለዋን ቁጥር ፈልጋት፣ ቀኑን ሙሉ የምታሰራህ እሷ ናት።

ደሞ ከፍታ አለ፣ ይሄን ሻጭ አይነግርህም። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ በቃ 20 በመቶው ሄደ ማለት ነው፣ 2.8 የነበረው 2.2 ሆነ።

ለግራይንደር ችግር የለም፣ ትንሿ 850 ዋት ብትበላ ነው፣ ድሪልና አምፖልም ጨምርበት። ጉዱ የቀለም መርጫው ኮምፕሬሰር ነው፣ ባለ 2 ፈረስ ጉልበቱ አንዴ ከዞረ በኋላ 2,000 ዋት ባይሞላም ሲነሳ ግን ሁለት ሶስት እጥፉን ይጠይቃል፣ እኛ ስናስነሳው ጀነሬተሩ አንዴ አጓራና ድምፁ ወርዶ ወርዶ ድርግም አለ። ብየዳም ካላችሁ ከ5 ኪሎዋት በታች ባትደክሙ ይሻላል።

ብቻ በፈጣሪ ጀልባው ሆድ ውስጥ እንዳታስነሱት፣ ጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለ፣ ወፈር ያለ ረጅም ኬብል ግዙና ጀነሬተሩ ውጪ ይቀመጥ።