ፓናድ ምንድን ነው? ቀይ የተፈጨ ሥጋ በደንብ በስሎም እንዳይደርቅ

ፓናድ ማለት ወተት ውስጥ ርሶ የተደፈጠጠ ዳቦ ነው። ከተፈጨ ሥጋ ጋር ይደባለቅና በርገሩ ወይም የሥጋ ኳሱ እስከ መሀሉ በስሎም ልስላሴውን እንዳያጣ ያደርጋል። ጣሊያኖች ፖልፔቴ የሚሉትን የሥጋ ኳስ ሲሠሩ፣ ስዊድኖች የሥጋ ኳሳቸውን ሲያድበለብሉ፣ ቱርኮች ኮፍታ ሲያሹ የደረቀ ዳቦ አርሰው የሚጨምሩት ለዚሁ ነው። እኛ ዘንድ በርገር ቤቱ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው፤ አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ የሚሄድ ሰው ይህን ያያል። ፓናድን ግን እቤቱ በርገር የሚሠራ ሰው ብዙም አያውቀውም። ከማንም በላይ የሚጠቅመው ደግሞ ለእኛ ይመስለኛል፤ ምክንያቱ ያለው ልኳንዳ ቤታችን ውስጥ ነው።

አዳማ ላይ ልኳንዳ ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ያዘዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀይ ነው። የተፈጨ የሚገዛው በአብዛኛው ለክትፎ ወይም ለምንቸት አብሽ ስለሆነ ሥጋ ቆራጩ ሳይነገረው ጅማቱን ይገፍፋል፣ ጮማውን ለጥሬ ሥጋና ለጥብስ ፈላጊ ያስቀምጣል፣ ንጹሕ ቀዩን ወደ መፍጫው ይከትታል። ለክትፎ ከዚህ የተሻለ የለም። ከላይ የሚፈስበት ንጥር ቅቤ የጎደለውን ስብ ሁሉ ይመልስለታል። ያንኑ ሥጋ ጠፍጥፎ መጥበሻ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ከደቂቃዎች በኋላ የሚያገኘው ጠንካራ፣ ሲነክሱት የሚፈረፈር፣ ያለ ካቻፕ የማይዋጥ ነገር ነው። ጥፋቱ የሥጋውም የሠሪውም አይደለም፤ የተከተለው የአሠራር መመሪያ ለሌላ ዓይነት ሥጋ የተጻፈ ስለሆነ ነው።

በእንግሊዝኛ የተጻፉት የበርገር መመሪያዎች አብዛኞቹ ከመቶው 80 እጅ ቀይ፣ 20 እጅ ስብ የሆነ ሥጋ ይዘው ነው የሚነሡት። አሜሪካ ውስጥ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ተብሎ የሚሸጠው እስከ 30 በመቶ ስብ እንዲኖረው ሕጉ ይፈቅዳል፤ ስቡ ቀላል ነው ተብሎ እንዲጻፍበት ደግሞ በ100 ግራም ከ10 ግራም ያነሰ ስብ ሊኖረው ይገባል። የእኛ ልኳንዳ መቶኛ አይጽፍም። ከሽንጥ ወይም ከጭቅና ተገፍፎ የተፈጨውን በዓይን ላየው ሰው ግን ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግልጽ ነው።

ቀይ ሥጋ ለምን ይደርቃል? ከጥሬው ቀይ ሥጋ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው። ያን ውኃ የያዙት ፕሮቲኖች ሙቀት ሲያገኛቸው ይኮማተራሉ፤ የሚኮማተሩት ደግሞ በየተራ ነው። የመጀመሪያዎቹ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጀምራሉ። ከ60 ዲግሪ በላይ ጅማታማው ክፍል ይሸበሸባል፤ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የቀሩትም ይከተላሉ፤ ያኔ የታጠበ ልብስ ሲጠመዘዝ ውኃው እንደሚንጠፈጠፍ የሥጋው ፈሳሽ ወደ መጥበሻው ይወጣል። ስብ ያለው ሥጋም ውኃውን ያጣል። ነገር ግን የቀለጠው ስብ በሥጋው መካከል ስለሚቀር አፍ ውስጥ ልስልስ ይላል፤ በዚያ ላይ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጠንካራ ቁራጭ እንዳይሆኑ ይከላከላል። ቀዩ ይህ መከላከያ የለውም።

እንግዲያው ቶሎ ማውጣት ነዋ የሚል አይጠፋም። ለጥብስ ቁራጭ ይሠራል፤ ለተፈጨ ግን አልመክርም። ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚቀመጠው ከሥጋው ላይኛ ገጽ ነው፤ ሲፈጭ ላዩ ከውስጡ ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ነው የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል የሚባለው። አንዳንዱ የኢ ኮላይ ዓይነት ልጆች ላይ ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል፤ የኮሶ ነገርማ ለእኛ አዲስ አይደለም። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች በሚበሉበት ቤት በርገር ተብሎ መሀሉ ቀይ ሆኖ መቅረብ የለበትም። ቀለሙ ብቻውን ደግሞ አያስተማምንም፤ 71 ዲግሪ ሳይሞላው ቡናማ የሚሆን ሥጋ አለ። የሥጋ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከጎኑ በኩል እስከ መሀሉ አስገብቶ ይለካ።

ፓናድ ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ዳቦው ውስጥ ያለው ስታርች ወተቱን ጠጥቶ ይይዘዋል፤ ሥጋው በሚኮማተርበት ሙቀት ስታርቹ አይኮማተርም፣ የያዘውንም አይለቅም። በዚያ ላይ በሥጋው ቅንጣቶች መካከል እየገባ ፕሮቲኖቹ ተያይዘው እንዳይጠነክሩ ያደርጋል። ሥጋው የራሱን ውኃ ማጣቱ አይቀርም፤ ፓናዱ የራሱን እርጥበት ይዞ ይቆይለታል እንጂ። ስለዚህ ፓናድ የሚያስፈልገው በደንብ ለሚበስል ሥጋ ነው። ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል የምለውም ለዚህ ነው፤ እኛ ጥሬውን ጥሬ እንበላለን፣ መጥበሻ ላይ የወጣውን ግን በስሎ ካላየነው አንረጋጋም።

ለግማሽ ኪሎ ቀይ የተፈጨ ሥጋ አንድ ቁራጭ ፉርኖ ዳቦ፣ ማለትም 30 ግራም ገደማ፣ ይበቃል። ዳር ዳሩ ጠንካራው ይቆረጥና ለስላሳው ክፍል በእጅ ይቆራረሳል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይፈስበትና አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ በሹካ ጀርባ ይደፈጠጣል፤ ጓጎላ ጠፍቶ ወፍራምና ወጥ ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። ደረቅ የዳቦ ጉብ ጉብ ከቀረበት በርገሩ ውስጥ ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የሳህኑ ዳር ላይ ወተት ካቀረረ ደግሞ በዝቷል፤ ትንሽ ዳቦ ይጨመርበት። ወተት የሌለ እንደሆነ እርጎ ወይም መረቅ ይተካዋል፤ ውኃም ቢሆን ሥራውን ይሠራል፣ ጣዕም ባይጨምርም። እንጀራ ሞክረው የሚጠይቁኝ አሉ፤ ኮምጣጣነቱ የሥጋውን ጣዕም ስለሚጫን እኔ አልወደውም። ስንዴ ለማይስማማው ሰው ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ይሻለዋል።

ሥጋው ከመድረሱ በፊት ፓናዱ ይዘጋጅ። ወደ ልኳንዳ የሚሄደውም ሰው "በትልልቁ ቀዳዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጭልኝ" ማለት አለበት፤ ለክትፎ እንደሚደረገው ሁለት ጊዜ የተፈጨ ሥጋ በርገር ሲሆን ተጠቅጥቆ ይጠነክራል። ከፈለገ ከፍርምባ ጮማ ያለበት ቁራጭ እንዲቀላቀልለት ይጠይቅ፤ ነውር የለውም። እቤት አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ለግማሽ ኪሎ መጨመርም ጥሩ ነው፤ ግን ፍሪጅ ውስጥ ረግቶ፣ ተፍቆ ወይም በትንንሹ ተቆርጦ። በአዳማ ሙቀት ከውጭ የዋለ ቅቤ ፈሳሽ ስለሚሆን በሥጋው ላይ ይቀባል እንጂ በየመሀሉ ተበትኖ አይቀርም። ኮሰረቱና ኮረሪማው ያለበት ቅቤ ከሆነ በርገሩ የእኛ በርገር ይሆናል፤ ይህን ከማንኛውም ሶስ አስበልጣለሁ።

ፓናዱ ሥጋው ላይ ተበትኖ በጣት ጫፍ ቀለል ተደርጎ ይደባለቃል። ጨው በዚህ ጊዜ አይጨመርም። ጨው ከተፈጨ ሥጋ ጋር ከታሸ አንዱን ፕሮቲን አሟሙቶ እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል፤ ለቋሊማ የሚፈለገው ያ ነው፣ ለበርገር ግን ያከረዋል። ተጠፍጥፎ መጥበሻ ላይ ሊወጣ ሲል ከላይና ከታች ይነስነስበት። ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ መሀሉ በአውራ ጣት ትንሽ ይጎድጉድ፤ ዳሩ ሲሸበሸብ መሀሉ ያብጣልና። ብረት መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ዘይት ይቀባ፣ ሥጋው ይቀመጥና አይነካ። ከታች ቡናማ ቅርፊት ሲያወጣ በራሱ ይላቀቃል፤ ያኔ ይገለበጣል። በመገልበጫው መጫን ብዙ ሰው ይወዳል፤ የሚሰማው የጭጭታ ድምፅ ከሥጋው የወጣው እርጥበት ነውና ባይጫኑት ይሻላል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ከተጠራጠረ ሁለት ደቂቃ ይጨምር፤ ፓናድ ያለበት በርገር ሁለት ደቂቃ አይጎዳውም።

ለሥጋ ኳስ የፓናዱ መጠን እጥፍ ይሆናል፣ ጨዉም እዚያው ይገባል፤ ኳሱ ሶስ ውስጥ ሲንተከተክ ቅርጹን መያዝ አለበትና። እንቁላል ለበርገር አያስፈልግም፣ ያጠነክረዋል፤ ለኳስና በዳቦ መጋገሪያ ቅርጽ ለሚጋገር ሥጋ ግን አንድ ቢገባ መልካም ነው። ጥሬ ሽንኩርት ውኃ ስለሚለቅ ቀድሞ ይቁላላና ይብረድ።

ፓናድ ቦታ የሌለው ምግብም አለ። ሳምቡሳ ውስጥ ከገባ ሊጡን አርሶ ዘይት ውስጥ ያፈነዳዋል፤ የሳምቡሳ ሥጋ ደረቅ ማለት አለበት። ምንቸት አብሽም አይፈልገውም። ሥጋው በወጡ ውስጥ ተበታትኖ ስለሚበስል እርጥበቱን ከቁሌቱ፣ ልስላሴውን ከቅቤው ያገኛል። አብሹ ራሱ ውኃ ሲነካው ልሐጭ የሚያወጣ፣ መረቁን አወፍሮ በሥጋው ዙሪያ የሚያቆይ ቅመም ነው። ቀይ ሥጋን ሳያደርቁ መቀቀል እናቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ፈትተውታል፤ ያልተፈታው የመጥበሻው ብቻ ነበር።

ለፓስታ በሥጋና ለላዛኛ ሌላ መንገድ አለ። ለግማሽ ኪሎ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ ሥጋው ላይ ይፈስና ሩብ ሰዓት ይቆያል። ሶዳው የሥጋውን አሲድነት ስለሚቀንስ ፕሮቲኖቹ እንደ ቀድሞው ተጠጋግተው አይጨማደዱም፤ ውኃው ብዙ አይወጣም፣ ሥጋውም ከመቀቀል ይልቅ ቶሎ ይጠበሳል። ከሩብ ማንኪያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። ጣሊያኖች ደግሞ የቦሎኛ ሶሳቸው ውስጥ ወተት ይጨምራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት ተመዝግቦ የተቀመጠው አሠራር ወተት አለበት። ስንበላው የምናውቀው ቀይ የቲማቲም ፓስታ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ወተት መጨመር ለጀማሪ ያስፈራል፤ ሥጋውን ግን ያለሰልሰዋል።

ፓናድ የገባበት ሥጋ ወተት ስላለበት፣ ፍሪዘር ካልገባ በቀር አይደር። አዳማ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወቅት የተፈጨ ሥጋ ከፍሪጅ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ በሌላው ጊዜ ከሁለት ሰዓት። ከልኳንዳው ወጥቶ ገበያ የሚዞር ሰው ሥጋውን መጨረሻ ላይ ይግዛ። ለጾም ፍቺ ቀድሞ ማዘጋጀት የሚፈልግ ጠፍጥፎ፣ በየመሀሉ ወረቀት አድርጎ፣ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጠው፤ ሊጠበስ ሲል ደግሞ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ይቅለጥ።