የዩክሬን «የጦር መዋጮ»፦ 5 በመቶው ከየትኛው ደሞዝ ላይ ነው?

ስሙ መዋጮ ይሁን እንጂ ግዴታ ነው፤ አሠሪው ከደሞዝ ላይ ቆርጦ ገቢ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ሲጀመር 1.5 በመቶ ነበር፤ ያውም «ለጊዜው» ተብሎ! ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ወዲህ 5 በመቶ ገብቷል።

ስህተት የሚበዛው ስሌቱ ላይ ነው። 5 በመቶው የሚታሰበው ከጠቅላላ ደሞዙ እንጂ 18 በመቶው የገቢ ግብር ከተቀነሰ በኋላ ከሚተርፈው አይደለም። ደሞዙ 20,000 ሂሪቭንያ ከሆነ ግብሩ 3,600፣ መዋጮው 1,000፣ እጅ የሚገባው 15,400 ነው። ከ16,400ው ላይ ያሰላ ሒሳብ ሠራተኛ 820 ብቻ ስለሚቆርጥ 180 ይጎድለዋል።

የኖቬምበር 2024 ደሞዝ ዘግይቶ በዲሴምበር ቢከፈልም በድሮው 1.5 በመቶ ይታሰባል። የወታደሮች ክፍያ ላይ ግን ጭማሪው አልተጣለም፤ እዚያው 1.5 ላይ ቀርቷል፤ ተገቢም ነው።