ዲሴቢሊቲ ተከልክሎ ፍርድ ቤት መሄድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ፌዴራል ፍርድ ቤት ልድረስ እንጂ፣ ዳኛው ሁኔታዬን ካየ ይፈርድልኛል።"

አሜሪካ ውስጥ ሶሻል ሴኩሪቲ ዲሴቢሊቲ (በሕመም ወይም በጉዳት መሥራት ላልቻለ ሰው የሚሰጥ ክፍያ) ከልክሏቸው ወደምሠራበት የጠበቃ ቢሮ ከሚመጡ ሐበሾች ይህን የማይለኝ ጥቂት ነው። በሰማሁት ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ይህን ያመነ ሰው ማስረጃ በሚሰበሰብበት ጊዜ ተዝናንቶ ይቀመጣላ!

የፌዴራሉ ዳኛ አያያችሁም። ምስክር አይሰማም፣ ጁሪ የለም። የሚያነበው መዝገቡንና የሁለቱን ወገን የጽሑፍ ክርክር ብቻ ነው። ጥያቄውም "ይህ ሰው ታሟል ወይ?" አይደለም። ከዚያ በፊት ጉዳያችሁን የሰማው የአስተዳደር ዳኛ (የሶሻል ሴኩሪቲው የራሱ ዳኛ) ሕጉን ተከትሏል ወይ፣ ውሳኔውንስ የሚደግፍ በቂ ማስረጃ መዝገቡ ውስጥ አለ ወይ ነው። ይህ "በቂ" የሚባለው መለኪያ ከፍ ያለ እንዳልሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ደግሞ ተናግሯል። ስለዚህ የፌዴራሉ ዳኛ እሱ ቢሆን ኖሮ የሚፈቅድላችሁን ጉዳይ እንኳ ክልከላውን ሊያጸናው ይችላል።

አንድ ወገቡን የታመመ ሾፌር የኤምአርአይ ውጤት ይዞ መጣ። ኤምአርአዩን የተነሳው ከአስተዳደር ዳኛው ችሎት በፊት ነው። ለምን ያኔ አላስገባኸውም ስለው "ለዋናው ፍርድ ቤት ብዬ ነው" አለኝ። አዲስ ማስረጃ በዚህ ደረጃ የሚታየው በእርግጥ አዲስ ከሆነ፣ ውሳኔውን ሊለውጥ የሚችል ከሆነና ቀድሞ ላለመቅረቡ በቂ ምክንያት ካለ ነው። የእሱ ግን አዲስም አልነበረም፣ በቂ ምክንያትም አልነበረውም።

ዋናው ቦታ የአስተዳደር ዳኛው ችሎት ነው። ማስረጃችሁን ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት አስገቡ፤ ያልደረሰ ካለም መኖሩን በጽሑፍ አሳውቁ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ነጻ ነው። ደግሞ እባካችሁ፣ ሐኪም "እንዴት ነህ?" ሲላችሁ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ብላችሁ አትለፉ። እናንተ ምስጋና ነው ያላችሁት፣ እሱ ግን "ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል" ብሎ ይጽፋል፤ ከዓመታት በኋላ የመንግሥት ጠበቃ ያችን መስመር መዞ ያወጣታል። ስንት ደቂቃ መቆም እንደምትችሉ፣ ሌሊት ስንቴ እንደምትነቁ ንገሩት።

"ከይግባኝ አዲስ ማመልከቻ ይቀላል።" ይቀል ይሆናል፤ ግን የኋላውን ውዝፍ ክፍያ ልታጡ ትችላላችሁ። ሥራ ካቆማችሁ ከቆየም ሠርታችሁ ያገኛችሁት የዲሴቢሊቲ መድን ሽፋን (የጤና ኢንሹራንስ ማለቴ አይደለም) አልቆ ይሆናል።

"ካሸነፍኩ ቼኩ ይመጣል።" አብዛኛውን ጊዜ ማሸነፍ ማለት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ መመለሱ ነው።

"ጠበቃ የምከፍለው የለኝም።" ብዙዎቹ የሚከፈላቸው ስታሸንፉ ነው፤ ለፍርድ ቤቱ ሥራ ከውዝፉ ከ25 በመቶ በላይ መውሰድ አይችሉም፣ ያንንም ፍርድ ቤቱ ማጽደቅ አለበት። የመዝገብ መክፈቻው 405 ዶላር ነው፤ አቅም የሌለው እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል።

"ጊዜ አለኝ።" የለም። የይግባኝ ካውንስሉ (የአስተዳደር ዳኛውን ውሳኔ የሚመረምረው የሶሻል ሴኩሪቲ አካል) ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመክሰስ ያላችሁ 60 ቀን ነው። ደብዳቤው በ5 ቀን እንደደረሳችሁ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ፖስታ ሳጥናችሁን ሳትከፍቱ አትክረሙ።