«መቶ በመቶ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» እና ሌሎች የሥራ ቦታ ወሬዎች

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) አለች። ታካሚ ስታነሳ ወገቧን ጎዳች። ሐኪሟ ለጊዜው ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳታነሳ ወረቀት ጻፈላት። ሱፐርቫይዘሯ ወረቀቱን ገርመም አድርጋ «መቶ በመቶ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» አለቻት። እሷም «እሺ» ብላ ቤቷ ገባች። ቡና ላይ ስትነግረን ግማሾቻችን «ምን ይደረጋል፣ ሕጉ ነው» አልናት። ሕጉ ግን እንደዛ አይልም።

ነገሩን የሚመለከተው በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ፣ ኤዲኤ የሚባለው ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ይይዛል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ የከተማዋ ሕግ ከዚያ ያነሰውንም አይለቅም።

«መቶ በመቶ ካልዳንክ አትመለስም።» በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። የሥራ አድልዎ አቤቱታ የሚቀበለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኢኢኦሲ፣ እንዲህ ያለ ደፈና ደንብ ሕግ ይጥሳል ይላል። ጥያቄው «ድነሻል ወይ?» አይደለም፤ የሥራውን ዋና ዋና ተግባር፣ ቀጣሪው ነገሮችን ቢያመቻችልሽም ጭምር፣ መሥራት ትችያለሽ ወይ ነው። ማንሻ ማሽን አለ። ለሁለት ማንሳት አለ። ክፍት የሆነ ቀለል ያለ ቦታ ሊኖር ይችላል። ስለነዚህ ሳያነጋግሩሽ «ሂጂ» ማለት አይችሉም።

«አካል ጉዳተኛ ማለት ዊልቸር ላይ ያለ ነው።» በፍጹም። ሕጉ በ2008 ተሻሽሎ ሰፍቷል። ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ከባድ ድብርት ሊካተቱ ይችላሉ፤ በመድኃኒት ቀጥ ብሎ መቆሙም ከሕጉ አያስወጣም። «የኔ እኮ ጊዜያዊ ነው» የምትሉም አላችሁ። ከባቡር ሲወርድ ወድቆ ሁለት እግሩን ክፉኛ የተጎዳና ለሰባት ወር ያህል እንደ ልቡ መራመድ የማይችል ሰው ነበር። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚዳኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 ጊዜያዊም ቢሆን ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ሕጉ ይሸፍነዋል ብሏል። የአንድ ሳምንት ውልቃት ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።

«ለታካሚ ደህንነት ነው ካሉ አለቀ።» አላለቀም። ቀጣሪው በዚህ ሰው ላይ፣ በዚህ ሥራ ላይ፣ በማመቻቸት የማይቀንስ ከባድ አደጋ መኖሩን በሕክምና ማስረጃ ማሳየት አለበት። ፍርሃት ማስረጃ አይሆንም።

«የጠየቅኩትን የመስጠት ግዴታ አለባቸው።» እዚህ ላይ ደግሞ የራሳችን ሰው ይሳሳታል። የሚሠራ አማራጭ ካቀረቡ ምርጫው የእነሱ ነው። ዋናውን ሥራም ከላይሽ አያነሱልሽም። ፖርትላንድ ውስጥ ፋይብሮማያልጂያ (ሰውነትን የሚያሳምም የቆየ በሽታ) ያለባት፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የምትንከባከብ ነርስ የቀሪ ደንቡ እንዳይያዝባት ጠይቃ በ2012 ተሸንፋለች። ፍርድ ቤቱ ለእንደዚህ ዓይነት ነርስ በቦታው መገኘት ራሱ ሥራው ነው አለ። ከሁሉም የምትከነክነኝ ግን የታምፓዋ ናት። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበረች፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሆስፒታሉ ታካሚ ምርኩዙን ነጥቆ መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል ብሎ ከክፍሉ አስወጣት፤ ሌላ ክፍት ቦታ እንድትፈልግም 30 ቀን ሰጣት። እዚያ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ሳትወዳደር ቦታ የመስጠት ግዴታ የለም አለ። ይሄ ነጥብ ሌላ አካባቢ ያሉ ፍርድ ቤቶችን እስካሁን ያለያያል። እኔ በበኩሌ አልዋጥልህ ብሎኛል።

«የጠበቃ ደብዳቤ ያስፈልጋል።» አያስፈልግም። «በወገቤ ምክንያት ይሄን ማድረግ አልቻልኩም፣ ሌላ መንገድ እንፈልግ» ብሎ በአፍ መናገር ይበቃል፤ የሕጉን ስም መጥራት አይጠበቅብህም። ብቻ ማታ ኢሜል ጻፍበት፤ አፍ ይካዳል።

«ኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደሩ) መልስ እስኪሰጠኝ ልጠብቅ።» ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ለኢኢኦሲ ማመልከቻ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ያለው ጊዜ 300 ቀን ነው፤ ተመሳሳይ የአካባቢ ሕግ በሌለበት 180። ቀኑ የሚቆጠረው በደሉ ከተፈጸመበት ጀምሮ ነው፤ የውስጥ ቅሬታሽ መልስ ባያገኝም መቁጠሩን አያቆምም። የእኛዋ ልጅ ስልኳን አውጥታ ቆጠረች። 211 ቀን ሆኗታል። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ተነስታ ሄደች።