መዓዛማ ዘይት ምንድን ነው? ለቁርጥማትስ ይረዳል?

ጎንደር ላይ ክረምቱ ሲከብድ «ጉልበቴን ይቆረጥመኛል» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ድሮ በቅቤ መታሸት ነበር። አሁን በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ የባሕር ዛፍ፣ የዝንጅብል ወይም የዕጣን ዘይት ተጨምሯል፤ ብዙዎችም እንደ ቅቤው በመዳፋቸው ሞልተው ይቀቡታል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ነገሩ ቅባት አይደለም።

መዓዛማ ዘይት ለተክሉ ሽታውን የሚሰጠው፣ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ነው። የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ወዙ ይቀራል፤ ንጹሕ የባሕር ዛፍ ዘይት ግን ቆይቶ ይተንናል፣ ወዝም አይተውም። በምግብ ዘይት የተበረዘውን ለመለየት ይህ ፍተሻ ይጠቅማል።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አወጣጡን ለመረዳት አይቸገርም። ድፍድፉ ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃው ያልፍና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ቅጠሉም እንዲሁ ነው፤ እንፋሎቱ መዓዛውን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ከብዙ ኪሎ ቅጠል የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ ኃይሉ ብርቱ ነው።

ሕመሙን እንዴት ያስታግሳል? በፔፐርሚንት ናና ዘይት ውስጥ ያለው ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚለዩትን የቆዳ ነርቮች ይቀሰቅሳል፤ ቅዝቃዜው ሲሰማ የሕመሙ ስሜት ይደበዝዛል። መታሸቱም ራሱ ጡንቻን ያፍታታል። ጥናቶቹ በአብዛኛው ጥቂት ሰዎችን ያሳተፉ በመሆናቸው እፎይታው ምን ያህሉ ከዘይቱ፣ ምን ያህሉ ከሚያሸው እጅ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። የተበላ ልስልስ አጥንት ግን በየትኛውም ዘይት አይተካም።

ስለ ዕጣን ለብቻው መናገር አለብኝ፤ ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚመጣ የራሳችን ሀብት ነውና። ዕጣን የመገጣጠሚያ ብግነትን ይቀንሳል ሲባል የሚጠቀሰው ቦስዌሊክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። እሱ ግን ከባድ ስለሆነ በእንፋሎት አይወጣም፤ ከሙጫው ጋር ድስቱ ውስጥ ይቀራል። በእንፋሎት የወጣ ዘይት «ቦስዌሊክ አሲድ አለበት» ተብሎ በውድ ዋጋ ሲሸጥ ገዢው እየተታለለ ነው። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ ገዢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በጡረታ የሚኖሩ አረጋውያን ናቸውና።

አክስቴ የባሕር ዛፍ ዘይቱን ሳታቀጥን ጉልበቷ ላይ አፍስሳ በጨርቅ ጠቅልላው አደረች፤ ሲነጋ ቆዳዋ ቀልቶ ውሃ ቋጥሮ ነበር። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ውስጥ 6 ጠብታ ይበቃል፤ ይህም 2 በመቶ ያህል ነው። መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛው ክፍል ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ይገባል። ቁስል ላይ አይቀባም፣ ፈጽሞም አይጠጣም። የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን ቢጠጣው ጥቂቱ እንኳ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ስለሚችል ጠርሙሱ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

መገጣጠሚያው ድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ከተከተለ ዘይቱን ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ተሕዋስ የገባበት መገጣጠሚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል።