የአክስቴ መደርደሪያ፦ ስለ ቫይታሚን መጠን የምንሳሳተው

ባለፈው እሁድ አክስቴ ጋ ቡና ልጠጣ ሄጄ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ዓይኔ አረፈ። ድሮ የፕላስቲክ አበባ ነበረበት። አሁን የቫይታሚን ብልቃጥ ሞልቶታል። ልጇ ከአሜሪካ በመጣች ቁጥር ሻንጣዋ ውስጥ የምትወትፈው ነው። «ጠዋት ጠዋት ከሁሉም አንዳንድ እውጣለሁ» አለችኝ ኮራ ብላ።

ብልቃጦቹን አወረድኳቸውና ጀርባቸውን ማንበብ ያዝኩ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አለቀ፤ እኔ አሁንም አነባለሁ። ቡና ላይ የነበሩት ጎረቤቶች ደግሞ አንድ በአንድ አስተያየት ይሰጡኛል። የሰጡኝን እንዳለ ላንሳው። ብዙዎቻችን የምንለው ስለሆነ።

«ቫይታሚን አይደል? ትርፉ በሽንት ይወጣል»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የምናምነው። ቫይታሚን ሲና የቢ ዘሮች ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ኩላሊት ትርፋቸውን ያስወግዳል። ቢ ኮምፕሌክስ የዋጠ ሰው ሽንቱ ደማቅ ቢጫ የሚሆነው በቢ2 ምክንያት ነው። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ግን የሚሟሙት በስብ ነው። እነ ኤ ጉበት ውስጥ፣ እነ ዲ ስብ ውስጥ ይከማቻሉ። ብረት ጭራሽ ሌላ ነው፤ ሰውነታችን ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት በር የለውም ማለት ይቻላል።

ከቢዎቹም መሃል አመለኛ አለ። ቢ6። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ የሰባት ሰዎች ታሪክ ተዘገበ። በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ቢ6 ሲወስዱ ቆይተው እግርና እጃቸው ደነዘዘ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ጀመሩ። ነርቫቸው ተጎድቶ ነበር። ውሃ ውስጥ መሟሟቱ አላዳናቸውም።

አክስቴ መደርደሪያ ላይ ቢ6 ሦስት ቦታ አገኘሁት። መልቲቫይታሚኑ ውስጥ 3 ሚሊ ግራም። «ለጉልበት» የሚለው ቢ ኮምፕሌክስ ውስጥ 50። «ለጸጉርና ለጥፍር» የሚለው ውስጥ 10። ድምሩ 63። አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ2 ሚሊ ግራም አይበልጥም። እያንዳንዱ ብልቃጥ ስለ ራሱ ነው የሚናገረው። መደመሩ የአክስቴ ሥራ ነው፤ እሷ ደግሞ ያለ መነጽር አታነብም።

«የአሜሪካ ዕቃ ነው፣ ኤፍዲኤ ሳያየው አይወጣም»

ይሄን ያለችው ጎረቤት በሙሉ ልቧ ነው ያለችው። እኔም አምን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ በቀን ከሚመከረው መጠን 150 በመቶ በላይ የያዘ የቫይታሚን ክኒን እንደ መድኃኒት ይቆጠር። ሻጮቹም ዋጪዎቹም አገር አናወጡ። በ1976 ኮንግረሱ ሕግ አወጣና መሥሪያ ቤቱን እጁን አሰረው። መጠኑ ስለበዛ ብቻ ክኒኑን መድኃኒት ማለት ወይም ጣሪያ ማበጀት አትችልም ተባለ። በ1994 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ሰፕሊመንት (እንደ ቫይታሚን ክኒን ያለ የምግብ ማሟያ) ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ፈቃድ እንዳያስፈልገው አደረገ። አምራቹ ራሱ ነው «ጉዳት የለውም» ብሎ ኃላፊነት የሚወስደው። ኤፍዲኤ በአብዛኛው የሚደርሰው ችግር ከተፈጠረ በኋላ ነው።

አውሮፓ ይሻላል ወይ? በከፊል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ለክኒኖቹ የጋራ ጣሪያ እንደሚያበጅ ቃል ገብቶ ነበር። ይኸው ከ20 ዓመት በላይ አለፈ፣ ጣሪያው የለም። እያንዳንዱ አገር የመሰለውን ያደርጋል። የኅብረቱ ሳይንቲስቶች ግን «ከዚህ በላይ ባይሆን» የሚሉትን ቁጥር ያወጣሉ። በ2023 ለቢ6 ያወጡት በቀን 12 ሚሊ ግራም ነው። የአሜሪካው 100 ነው።

እንግዲህ የአክስቴን 63 ያዙት። ዋሽንግተን ብትሆን ጤነኛ ክልል ውስጥ ናት። ብራስልስ ብትሆን ከጣሪያው ከአምስት እጥፍ በላይ ወጥታለች። ሰውነቷ ያው አንድ ነው፣ ያለውም አዲስ አበባ ነው። እዚህ ምግብና ሰፕሊመንት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በሻንጣ የገባ ብልቃጥ ግን በየት በኩል ያየዋል?

«የተጻፈው ያህል ነው ያለው»

አጭር መልስ፦ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይበልጣል። ቫይታሚን መደርደሪያ ላይ ሲቆይ ይቀንሳል። ስለዚህ አምራቹ የአገልግሎት ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ የተጻፈው እንዳይጎድል ገና ከመጀመሪያው ጨመር ያደርጋል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ የታወቀ አሠራር ነው። ክፋቱ እጅ ሲያዳልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ አንድ ፈሳሽ ሰፕሊመንት ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ከተጻፈበት 200 እጥፍ ተገኘበት። 200 ያህል ሰው ታመመ፤ ጸጉር ረገፈ፣ ጥፍር ተሰበረ። ከዚያ ቀደም ቦስተን አካባቢ ቤት ለቤት ወተት የሚያድል ድርጅት ቫይታሚን ዲ ሲጨምር መጠኑን ስቶ፣ አንዳንዱ ወተት ከሚፈቀደው ከ500 እጥፍ በላይ ይዞ ተገኝቷል። ስምንት ሰዎች በዲ ተመርዘው መታመማቸው በ1992 ተጽፏል።

«100 ጥሩ ከሆነ 1000 ደግሞ የበለጠ ነው»

ብልቃጡ ጀርባ ላይ ያለው መቶኛ የፈተና ውጤት አይደለም። 100 በመቶ ማለት ከመቶ ጤነኛ ሰው ለ97ቱ ወይም ለ98ቱ እንዲበቃ ተብሎ የተሰላ የቀን መጠን ነው። ያውም ከምግብ የምናገኘው ተደምሮ። ከላይ መጨመር ውጤት አያሻሽልም፤ አንዳንዴም ይገለብጠዋል። ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ ገደማ ወንድ አጫሾች የተካተቱበት ጥናት ነበር። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን ሳንባቸውን ከካንሰር ይጠብቃል ተብሎ ነው የተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ በልጦ ተገኘ።

የአክስቴ የጸጉር ክኒን ውስጥ ባዮቲን የሚባለው የቢ ዘር 5000 ማይክሮ ግራም አለ። በቀን ይበቃል የሚባለው 30 ነው። ባዮቲን «ጣሪያ» አልተቆረጠለትም፣ በራሱ መርዝ ሲሆን ስላልታየ። ግን የደም ምርመራ ያሳስታል። የታይሮይድ ውጤትን ያዛባል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታውን ሰው የሚለየውን የትሮፖኒን ምርመራ በሐሰት ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ደም ልትሰጡ ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ ለላብራቶሪው ተናገሩ። የጸጉር ነው ብላችሁ አትተዉት።

«ጤፍ እየበላን ዱቄትና ጨው ላይ ምን ያስጨምራቸዋል?»

ቡናው ላይ ድምፅ የተነሣው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ጎረቤት «ኬሚካል እያበሉን ነው» አለ። ሌላው «ጂኤምኦ ነው፣ ዘሩ የተለወጠ» አለ። አይደለም፤ ዱቄት፣ ጨው ወይም ዘይት ላይ ቫይታሚንና ማዕድን መጨመር የማንንም ዘር አይነካም።

ጤፉን እናንሳ። ቀይ ጤፍ ብረት አለው፣ እውነት ነው። ግን ላብራቶሪ ከሚያገኘው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ሲወቃ የተቀላቀለ አፈር ነው። የአፈር ብረት ብዙም ደም አይሆንም። እህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ነገር አንቆ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ከዚያ እንጀራው ሳይወርድ ቡና እንደርብበታለን። ቡናና ሻይ ብረት እንዳይገባ ከሚያደርጉት ዋናዎቹ ናቸው። አንድ ሰዓት ብንታገስ ምን ነበረበት!

ጨው ደግሞ ታሪክ አለው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። እንቅርት ደጋ አገር የተለመደ ስለነበር ነው ተረት የሆነው። ምክንያቱ አፈሩ አዮዲን ማጣቱ ነው። አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቶ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የተደረገው። ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ላይ የሚጨመረው በጣም ጥቂት ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም ቢደርሰው በቂ ነው። እቤት ግን ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃው አጠገብ ካስቀመጥነው አዮዲኑ ይጠፋል። ወጡ ሊወጣ ሲል ነው ጨው መጨመር።

ዱቄትና ዘይቱ ገና ጀማሪ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት ማበልጸግ አስገዳጅ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ዱቄቱ ውስጥ ካሉት አንዱ ፎሊክ አሲድ ነው። የሕፃኑ አንጎልና ሕብረ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከፅንሰት በኋላ 28 ቀን ገደማ ላይ ተዘግቶ ያልቃል። ብዙ ሴት ያኔ ማርገዟን ራሱ አታውቅም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ክኒን እስክትቀበል ቱቦው ወይ ተዘግቷል ወይ ክፍት ቀርቷል። ዳቦ ውስጥ ከሆነ ግን ሳታውቅም ይደርሳታል።

መጠኑም በዘፈቀደ አይቆረጥም። ዳቦ በጣም የሚበላው ሰው ከጣሪያ እንዳይወጣ፣ ትንሽ የሚበላው ደግሞ ባዶ እንዳይቀር መሃሉ ይፈለጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በ100 ግራም ዱቄት 140 ማይክሮ ግራም ብላ የቆረጠችው እንዲህ አስልታ ነው። ፎሊክ አሲድ ሲበዛ የቢ12 እጥረትን ይሸፍናል፤ ደሙ የተስተካከለ መስሎ ነርቭ ይጎዳል። ስለዚህ ለትልቅ ሰው በቀን ከ1000 እንዳያልፍ ይመከራል።

ማዕድን ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ስምጥ ሸለቆ ይውረድ። ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እጅግ በሚበልጥባቸው ቦታዎች ያደገ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ነው። በትንሹ ጥርስ የሚጠብቀው ያው ፍሎራይድ ነው።

«ታዲያ ለሕፃናቱ 200 ሺህ የሚሰጡት ለምንድን ነው?»

ይሄን የጠየቀችው አንዲት ወጣት እናት ናት። ጥሩ ጥያቄ ነው። በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓመት ለሞላው ልጅ 200 ሺህ ዩኒት ነው፤ ብልቃጥ ላይ አይዩ (IU) ተብሎ የሚጻፈው መለኪያ። በማይክሮ ግራም 60 ሺህ ይሆናል። ያስደነግጣል። ግን ኤ ጉበት ውስጥ ይቀመጣል ብለን የለ? 60 ሺህን ለ180 ቀን አካፍሉት፤ በቀን 333 ገደማ። ትንሽ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ከ300 እስከ 400 ነው። የስድስት ወር ቀለብ ባንዴ እንደማስገባት ነው። በየቀኑ ቢሰጥ ግን መርዝ ነው።

ልጆች ካነሣን፦ ለነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የብረት ክኒን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንዱ 60 ሚሊ ግራም ብረት አለው። ሕፃን ከረሜላ መስሎት ጥቂት ቢውጥ ሊሞት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ትንንሽ ልጆችን በመመረዝ ከገደሉት ቀዳሚው የብረት ክኒን ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብልቃጦቹን መልሼ ደረደርኩ። አክስቴ አንዷን አነሣች። ቫይታሚን ኤ፣ 10 ሺህ ዩኒት። «ይቺን ለጎረቤት ልጅ ልስጣት፣ እርጉዝ ናት፣ ለልጁ ዓይን ጥሩ ነው።» 10 ሺህ ዩኒት 3000 ማይክሮ ግራም ነው፤ አሜሪካም አውሮፓም ጣሪያ የሚሉት ልክ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ ፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። እንግሊዞች ለነፍሰ ጡር ኤ ያለበት ክኒንም ጉበትም ተዪ ነው የሚሏት። ጎመንና ካሮት ውስጥ ያለው እንዲህ አያደርግም፣ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው ወደ ኤ የሚቀይረው።

ይሄን ሁሉ አስረዳኋትና ብልቃጡን ኪሴ ከተትኩ።

«ለራስህ ፈልገኸው ነው እንጂ» አለችኝ።