አንድ «ዪንሞው»፣ ብዙ እንግሊዝኛ፦ የሴራ ቃላት ለቻይንኛ ተናጋሪዎች

በቻይንኛ የሴራ ነገር ሲነሳ አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «ዪንሞው» ነው። «ዪን» ጥላ ያጠላበት፣ የተሰወረ ወገን ነው፤ «ሞው» ደግሞ መዶለት። እንግሊዝኛ የሚማር ቻይናዊ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ለዚሁ ቃል ፕሎት፣ ኮንስፒራሲ፣ ስኪምና ኢንትሪግ ተደርድረው ያገኛል። ችግሩ አንዱ በሌላው ቦታ ሁልጊዜ አለመግባቱ ነው።

ኮንስፒራሲ ግብረ አበር ይፈልጋል። በእንግሊዝም በአሜሪካ ፌዴራል ሕግም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ ወንጀሉ አይቋቋምም። ብቻውን ቤት ዘግቶ ክፉ የሚያውጠነጥን ሰው ዪንሞው አለው ቢባል ያስኬዳል፤ ኮንስፒራሲ ግን አይባልለትም። ፕሎት ለአንድም ለብዙም ይሆናል። ስመ ጥሩ ምሳሌ የ1605ቱ የባሩድ ሴራ ነው፦ ጋይ ፎክስ በፓርላማው ሥር 36 በርሜል ባሩድ ሲጠብቅ ተያዘ፤ የዶላቾቹ ዓላማ ንጉሥ ጄምስን ከነፓርላማው ማጋየት ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስተው ስኪም ነው። በብሪታንያ የጡረታ ስኪም ቢባል ማንም አይደነግጥም፤ ደንበኛ የጡረታ ዕቅድ ነው። አሜሪካ ላይ ግን ቃሉ ማጭበርበር ማጭበርበር ይሸታል። ለጥናት ዕቅዱ ስኪም የሚል ርዕስ የሰጠ ተማሪ አሜሪካዊ መምህሩን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም።

ኮሉዥን ቀላል ነው። ተፎካካሪ መስለው ጨረታ ላይ በውስጥ ለሚመሳጠሩ ነጋዴዎች ቻይንኛም «ቹዋንቶንግ» የሚል ቁርጥ ያለ ቃል አለው።

ግሡም መጠናት አለበት። እንግሊዝኛ ሴራን እንደ ጫጩት ይፈለፍለዋል፤ ቻይንኛ ደግሞ «ዩንኒያንግ» ይላል፣ መነሻው መጠጥ መጥመቅ ነው። ሴራ ጠነሰሰ ለምንል ለእኛ የቻይናዎቹ አባባል ሳይቀርብ አይቀርም።

በተቃራኒው እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የማይገልጸው «ያንግሞው» አለ፦ «ያንግ» የዪን ተቃራኒ፣ ፀሐይ የሚያየው ወገን ነውና፣ በጠራራ ፀሐይ የተዘረጋ ወጥመድ ማለት ነው። በ1957 የቻይና ምሁራን ገዢውን ኮሚኒስት ፓርቲ እንዲተቹ ተጋበዙ፤ ከተናገሩ በኋላ ብዙዎቹ «ቀኝ ዘመም» ተብለው ተመቱ። የፓርቲው መሪ ማኦ በዚያው ዓመት ሐምሌ በፓርቲው ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ፣ ይህ ዪንሞው ነው ለሚሉት፣ የለም፣ ያንግሞው ነው ሲል መለሰላቸው። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች እዚህ ቦታ ሲደርሱ «በግልጽ የተሸረበ ሴራ» በሚል ሐረግ ያልፉታል፤ የዪንና የያንግ ጨዋታው ግን እዚያው ቻይንኛው ውስጥ ይቀራል።